«ሃያ ሁለት አይወለወልም»፦ ተረትና እውነታ ስለ አሮጌ የስፖርት ጠመንጃዎች

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ የገዛ ሰው ገና ከሱቁ ሳይወጣ አንድ ምክር ይሰማል፤ «በርሜሉን እንዳትነካው፣ ሃያ ሁለት አይወለወልም።» መካሪው ብዙ ጊዜ ሽበት የወረሰው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የተኮሰ፣ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ የሚናገር ሰው ነው። ምክሩ አጭር ነው፤ ስንፍናንም ያስፈቅዳል። ዕድሜ የሰጠው ይኸው ይመስለኛል። በአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ከሚነገሩት ተረቶች ሁሉ እኔን የሚያስቆጣኝ እሱ ነው፤ ሲጎዳ አይቻለሁና።

መጀመሪያ የምናወራው ስለ የትኞቹ ጠመንጃዎች እንደሆነ እንለይ። እያንዳንዱን ጥይት መቀርቀሪያ በእጅ ስበው የሚያጎርሷቸው፣ ለኢላማ ልምምድና ለጥንቸል አደን የተሠሩ ቀላል ጠመንጃዎች ናቸው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የዊንቸስተር ሞዴል 1900 ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ማንም ገበሬ ለልጁ የሚገዛው ርካሽ ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ኒው ጀርሲ ውስጥ ካልድዌል በተካሄደው ብሔራዊ የተኩስ ውድድር ላይ የታየው ዊንቸስተር 52 ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ ቁንጮ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ሬሚንግተን 37፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምልምሎች የተለማመዱበት ሞስበርግ 44፣ የቼኮቹ ብርኖ፣ የሶቪየቶቹ ቶዝ 8 እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ይገባሉ። የአብዛኞቹ ጥይት በ1887 የወጣው ሎንግ ራይፍል ነው። ይህ ጥይት እንደ ምንሽርና እንደ ቤልጅግ ጥይት ቂጡ መሃል ላይ ካፕሱል የለውም። ተቀጣጣዩ ውህድ የቀለሃው ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተሞልቷል፤ መምቻው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ይነድዳል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ለተረቱ የሚገባውን እንስጠው፤ መሠረት አለው። የሎንግ ራይፍል እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ላዩ ሰም ወይም ቅባት ተቀብቷል፣ በመደበኛው ዓይነት ፍጥነቱ በሰከንድ 330 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ጥይት በርሜል አይበላም ማለት ይቻላል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥይት አልፎበት አሁንም ኢላማ የማይስት በርሜል ብርቅ አይደለም። የዛሬ ጥይት ተቀጣጣይም ዝገት የሚጠራ ጨው አይተውም። ከዚህ በላይ፣ በርሜሉ ፍጹም ንጹሕ ከሆነ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ሰሙ በርሜሉ ውስጥ በተቀረጹት ጥምዝ ቦዮች ላይ ስስ ሽፋን እስኪያነጥፍ ድረስ አሥርም ሃያም ጥይት ሊፈጅ ይችላል። የወለወለና ወዲያው የተኮሰ ሰው «አበላሸሁት» ቢል አይፈረድበትም።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ የልጅ ጠመንጃዎች የተወለወሉት በብረት ዘንግ፣ በአፈሙዝ በኩል ነው። ጥይቷ በርሜሉን ለቅቃ የምትወጣበት የአፈሙዙ ጫፍ ዙሪያውን እኩል ካልሆነ፣ ከኋላ የሚገፋት ጋዝ በአንድ ጎን ቀድሞ ያመልጥና ጥይቷን ያንጋድዳታል። የብረት ዘንግ ለዓመታት ያንኑ አንድ ጎን እየፈተገ ሲወጣና ሲገባ ጫፉ ይበላል። ስለዚህ «ከተተኮሰበት ይልቅ በመወልወል የተበላሸው በርሜል ይበዛል» የሚሉት ፈጥረው አልተናገሩም። ጥፋቱ ግን የዘንጉና የእጁ ነው። እሱን ትተው መወልወልን ከነአካቴው ኮነኑት።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄዶ ላየው ደግሞ ተረቱ ራሱ አዲስ ነው። እስከ 1920ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ሬሚንግተን ክሊንቦር ብሎ የሰየመውን ዝገት የማያመጣ ተቀጣጣይ ገበያ ላይ እስኪያወጣ ድረስ፣ የአሜሪካ የሃያ ሁለት ጥይት ተቀጣጣይ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት። ክሎሬት ነድዶ የሚተወው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ ከገበታ ጨው እምብዛም የማይለይ፣ ከአየር እርጥበት የሚስብ ጨው። በጥቁሩ ባሩድ ዘመን ጥላሸቱ ብዙ ስለነበር ጨውን አሳሳው፤ ሰዉም በርሜሉን በውሃ ያጥብ ነበር። ጭስ አልባው ባሩድ ሲመጣ በርሜሉ ሲያዩት ንጹሕ መሰለ፣ ሰዉ ውሃውን ተወ፣ ጨው ብቻውን ብረቱ ላይ ቀረ። ማታ የተኮሰ ሰው ጠመንጃውን ጥግ አስደግፎ ከተኛ ብዙም ሳይቆይ ዝገት ይጀምረዋል። ዘይት መቀባቱም አያድነውም፤ ጨው በዘይት አይሟሟምና፤ ዘይቱ ከላይ ሆኖ ዝገቱ ከሥር ይሠራል። ዛሬ ከ1930 በፊት የተሠራ ሃያ ሁለት ገዝተው በብርሃን ሲያዩት ውስጡ ጠቁሮ፣ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሎ የሚያገኙት በዚህ የተነሳ ነው። እነዚህን በርሜሎች የገደላቸው አለመወልወል ነው።

የእንግሊዝ ወታደር በርሜሉን በፈላ ውሃ የሚያጥበው፣ የእኛም አርበኞች ጠመንጃቸውን ሲወለውሉ የሚያመሹት ለጌጥ አልነበረም። የዚያ ዘመን የጦር ጥይት ያንኑ ጨው ይተው ነበር። አያቱ ጠመንጃ ሲወለውል እያየ ያደገ አንባቢ «አይወለወልም» ሲባል ግር ቢለው ልክ ነው።

«እሺ፣ ግን ዛሬ ያ ጥይት የለም» ይሉኛል። የለም። ነገር ግን ዛሬም አንድ ቦታ አለ፤ በርሜሉን በጥቅሉ ለሚያይ ዓይን የማይታይ። ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ አልቆ ጥምዝ ቦዮቹ ሊጀምሩ ሲሉ፣ የቀለሃው አፍ የሚያርፍበት መስመር ላይ፣ ያልነደደ ባሩድ፣ ሰምና እርሳስ አብረው እየተጋገሩ ቀለበት ይሠራሉ። ቀጭን የበርሜል ካሜራ አስገብቶ ለሚያይ ቀለበቱ ጥቁር፣ ሸካራና ዙሪያውን ያልተስተካከለ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ብረቱ ራሱ ይመስላል። ድስት ሥር እንደተጋገረ ቃጠሎ ነው፤ ቁራጭ ጨርቅ ብቻ አይነቅለውም። ጥይቷ ወደ ቦዮቹ ስትገባ ይህን ጉብታ እየተፋጨች ስለምታልፍ፣ አምስት ጥይት በአንድ ሳንቲም ስፋት ይሰበስብ የነበረ ጠመንጃ ቀዳዳዎቹን መበተን ይጀምራል። ባለቤቱም ጥይት ይቀይራል፣ ማለሚያ ይቀይራል፣ በመጨረሻ «በርሜሉ አልቋል» ብሎ ይሸጠዋል። እንዲህ ተሽጦ፣ በአዲሱ ባለቤት እጅ በአንድ ከሰዓት ጽዳት የዳነ ጠመንጃ አውቃለሁ።

የሚያስቆጣኝ ግን የኢላማው መበተን አይደለም። ከዓመታት በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የተኩስ ሜዳ ላይ አጠገቤ ያለ ሰው ካባቱ በወረሰው ጠመንጃ ይተኩስ ነበር። ጠዋቱን በሙሉ ሾርት የሚባለውን አጭሩን ጥይት ተኮሰ፤ ቀለሃው አጭር ስለሆነ ቃጠሎው የሚጋገረው ረጅሙ ቀለሃ በሚያርፍበት ላይ ነው። ከዚያ ሎንግ ራይፍል አጎረሰ። ጥይቱ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። መቀርቀሪያውን በመዳፉ መታው፤ አልተዘጋም። መልሶ ሳበው፤ ቀለሃ ሳቢው ጠርዙን ለቀቀና ጥይቱ እዚያው ቀረ። ሰውዬው ፊቱን ወደ መክፈቻው አቅርቦ ከኪሱ ቢላ አወጣና የጥይቱን ጠርዝ በስለቱ ጫፍ መፈልቀቅ ጀመረ። ተቀጣጣዩ ያለው ጠርዙ ውስጥ መሆኑን ያስታውሱ። መቀርቀሪያው ክፍት ሆኖ ቢነድድ ቀለሃው ይፈነዳል፤ ቁርጥራጩ የሚሄደውም ወደሚያየው ዓይን ነው። የሜዳው ተቆጣጣሪ ጮኾ አስቆመው። ለመጨረሻ ጊዜ የተወለወለው መቼ እንደሆነ ሲጠየቅ «ሃያ ሁለት አይወለወልም አይደል?» አለ፤ በቅንነት።

ተረቱን የሚያሰራጩት ሰዎች አብዛኞቹ ውሸታሞች አይደሉም፤ ጎበዝ ተኳሾች ጭምር አሉባቸው። ነገር ግን «እኔ ሠላሳ ዓመት ሳልወለውል ተኩሻለሁ» የሚለው ማስረጃ ትዕግሥቴን ያስጨርሰኛል። ከሰላሳ ሜትር ላይ የቆርቆሮ ጣሳ ለሚመታ ሰው ቀለበት ኖረ አልኖረ ምን ይታየዋል? ሌላው ጠመንጃውን በዓመት አንድ ጊዜ ያወጣል። የራሱን ዕድል ሕግ አድርጎ ለጀማሪ ሲሰጥ ግን ጀማሪው የሚቀበለው ሕጉን ብቻ ነው።

በእጅ የሚቀረቀር ጠመንጃ ለጽዳት የተመቸ ነው፤ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ቃታውን ስቦ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ መሳብ ሙሉ በሙሉ ያወጣዋል፤ ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ማለቴ ነው። ከዚያ ዘንጉ ከኋላ ይገባል። አንድ ወጥ የሆነ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወይም የናስ ዘንግ ይጠቀሙ፤ እየተቀጣጠለ የሚረዝመውን የብረት ዘንግ ይጣሉት። የጥይት ማጉረሻው ውስጥ የሚገባ የዘንግ መምሪያ ቢኖር ጥሩ ነው። ፈሳሹን በጨርቅ አስገብቶ ጥቂት ደቂቃ መተው፣ ከዚያ የነሐስ ብሩሽ ጥቂት ጊዜ ማሳለፍ፣ ብሩሹን በርሜሉ መሃል ላይ አለመመለስ፣ በደረቅ ጨርቅ እስኪነጣ መጥረግ። ቀለበቱ ያለበትን ቦታ ብሩሹን በእጅ እያዞሩ ለብቻው መፈተግ ያስፈልጋል። በየስንት ጥይቱ? በዚህ ላይ ሻምፒዮና የሚተኩሱት ራሳቸው አይስማሙም፤ በየሃምሳው የሚወለውል አለ፣ መቶዎችን የሚጠብቅ አለ። እኔ የምከተለው ቀዳዳዎቹ መበተን ሲጀምሩ ወይም ጥይቱ ሲጎርስ ሲከብድ ነው። ሾርት ከተኮሱ ግን በዚያው ቀን።

ቀሪዎቹ ተረቶች ይህን ያህል አያስለፉም፤ አንዱ ብቻ ለሞት ያበቃል። «ሃያ ሁለት መጫወቻ ነው።» ክብደቷ 2.6 ግራም የሆነች እርሳስ ወደ ላይ ተተኩሳ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ልትሄድ ትችላለች። ውሃና ድንጋይ ላይ ነጥራ አቅጣጫ መቀየርም ትወዳለች። ከኋላው የአፈር ግንብ የሌለው ኢላማ ላይ መተኮስ በየትኛውም ካሊበር ያው ነው።

«ባዶውን ቃታ መሳብ ምንም አያደርግም።» በዘመናዊ ጠመንጃ ላይ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በብዙ አሮጌ ሃያ ሁለት ላይ ግን መምቻው የሚያርፍበት ጠርዝ ከሌለ የማጉረሻውን አፍ ራሱን ይመታዋል። መቀርቀሪያውን አውጥተው በብርሃን ቢያዩ፣ ከማጉረሻው አፍ ላይ ወደ ውስጥ የተገፋች የጥፍር ጫፍ የምታህል ጉድጓድ ያገኛሉ፤ ጥይት እንዳይገባ፣ ቀለሃ እንዳይወጣ የምትይዘው እሷ ናት። ልምምድ ከፈለጉ የተተኮሰ ቀለሃ ያስገቡና በየጊዜው ያዙሩት።

«ፈጣን ጥይት የተሻለ ይመታል፣ ረጅም በርሜል የበለጠ ይገፋል።» ሁለቱም አይደለም። ፈጣኑ ሎንግ ራይፍል ከድምፅ ፍጥነት በላይ ተነስቶ በመንገድ ላይ ከድምፅ በታች ሲወርድ ይናወጣል፤ የውድድር ጥይት መጀመሪያውኑ ከድምፅ በታች የሚሆነው ለዚህ ነው። ትንሿ ባሩድ ደግሞ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ባለው በርሜል ውስጥ ሥራዋን ጨርሳለች። የድሮዎቹ የኢላማ ጠመንጃዎች በርሜል የረዘመው የፊቱና የኋላው ማለሚያ እንዲራራቁ፣ ክብደቱም እጅን እንዲያረጋጋ ነው።

«ውስጡ የጠቆረ በርሜል ዋጋ የለውም» የሚለው ከፊል እውነት ነው፤ ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል፣ ለተኳሽ ግን ወረቀት ላይ ሳይሞከር አይፈረድበትም። በ1920ዎቹ ጨው የተበላ፣ ግን አፈሙዙ ያልተነካ በርሜል አስገራሚ ሥራ ሲሠራ ይታያል።

«አሮጌውን አሳምረው ቢሸጡት ዋጋ ያወጣል።» ይህ ሁለተኛው በደል ነው። በሚሽከረከር ማለስለሻ ብረቱን አብርቶ፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቬርኒሽ መቀባት የፋብሪካውን ማኅተም ያደበዝዛል፣ የብረቱን ጥግ ያድበለብላል። ያልተነካው ዊንቸስተር 52 ላይ ያለው ጭረት ታሪክ ነው፤ የተፋቀው አዲስ መስሎ የሞተ ነው። ተራና ብዙ የተመረተ፣ ዝገት የበላው የልጅ ጠመንጃ ከሆነ ግን እንደወደዱ ያድርጉት፤ ማንም ሰብሳቢ አያለቅስበትም።

«መለያ ቁጥር የሌለው ሁሉ የተሰረቀ ነው» የሚሉም አሉ። በአሜሪካ የ1968 የጦር መሣሪያ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ለርካሽ ሃያ ሁለቶች ቁጥር ግዴታ ስላልነበረ ብዙዎቹ ያለ ቁጥር ከፋብሪካ ወጥተዋል፤ ሲወጡም ሕጋዊ ነበሩ። የነበረን ቁጥር መፋቅ ግን ወንጀል ነው። ስለዚህ ልዩነቱን በጣት ይፈልጉት፦ ቁጥሩ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ብረቱ ለስላሳና ከቀረው ጋር አንድ ቀለም ከሆነ ጉዳይ የለም፤ ጎድጎድ ያለ፣ የሞረድ ጭረት የሚታይበት፣ ቀለሙ የተለየ ከሆነ የዋጋው ርካሽነት አያታልልዎት፤ ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ መልሰው ይውጡ።