የመካ በረንዳ ደን ጠባቂዎች

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ከማስተምርበት መድረሳ ግቢ አንድ ልጅ በወንጭፍ የመታትን ወፍ አንጠልጥሎ ገባ። ጓደኞቹ ከበው ሲያደንቁለት አንዲት ትንሽ ተማሪ ወደ እኔ መጣችና «ኡስታዝ፣ ለማይበላት ለምን ገደላት? ወንጀል የለበትም?» ስትል ጠየቀችኝ። ልጆቹን ሰብስቤ ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴትና የተጠማ ውሻ ስላጠጣው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩትን ነገርኳቸው። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ።

ቤቴ ስገባ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ለጨዋታ ለሚገድል ልጅ መልሱ ቀላል ነው። ልጆቹን የሚያበላው አጥቶ ጫካ ገብቶ ወጥመድ ለሚዘረጋ አባወራስ ምን ይባላል? ይህን ጥያቄ እንደኛው ወደ ቂብላ የሚሰግዱ ሰዎች በኢንዶኔዥያ፣ በአቼ ክፍለ ሀገር፣ ዘወትር ይጋፈጡታል። ታሪካቸው ለትልቁም ለትንሹም ትምህርት ያለው ሆኖ ስላገኘሁት እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

የመካ በረንዳ

አቼ በሱማትራ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። በቀድሞ ዘመን የአካባቢው ሑጃጆች በመርከብ ወደ ተቀደሰችው ምድር የሚነሱት ከዚያ ስለነበር «የመካ በረንዳ» የሚል ስም ወጥቶላታል። አቼ መከራም ያልተለያት ምድር ናት። እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው የትጥቅ ትግል ወደ ሠላሳ ዓመት ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ላይ የደረሰው የሱናሚ ማዕበል ደግሞ ከ160 ሺህ በላይ ሕዝቧን ነጥቋታል። በቀጣዩ ዓመት በሄልሲንኪ ከተማ የሰላም ስምምነት ተፈረመና ጠመንጃው ዝም አለ።

ከአቼ እስከ ሰሜን ሱማትራ የተዘረጋው የሉሰር ደን 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ስፋት አለው። ከዚህም ውስጥ ከፊሉ በ1980 የጉኑንግ ሉሰር ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል። ዩኔስኮ በ2004 ፓርኩን ከሌሎች ሁለት የሱማትራ ፓርኮች ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በ2011 ግን አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው። የሱማትራ አውራሪስ፣ ዝሆን፣ ኦራንጉታንና ታይገር የሚባለው ባለ መስመር ነብር አንድ ላይ የሚኖሩበት ደን በዓለም ላይ ይህ ብቻ ነው። ለሚሊዮኖች ሕዝብ የመጠጥና የመስኖ ውሃ የሚወርደውም ከዚሁ ተራራ ነው።

አንድ ሽቦ

ከእነዚህ ፍጡራን መካከል ሁኔታው እጅግ የሚያሳስበው አውራሪሱ ነው። የሱማትራ አውራሪስ ከዓለም አውራሪሶች ሁሉ ትንሹ ሲሆን ገላው ፀጉራም ነው። በአጠቃላይ የቀሩት ከ50 እንደማይበልጡ ይገመታል። አንዲት እናት ለመውለድ ከ15 ወር በላይ ታረግዛለች፤ የምትወልደውም አንድ ብቻ ነው። ስለሆነም አንዲት እናት በወጥመድ ስትሞት የሚጠፋው የብዙ ዓመት ተስፋ ነው። ለዚህ ሁሉ ጥፋት ምክንያት የሆነው ቀንድ ደግሞ በገበያ ላይ መድኃኒት ነው እየተባለ በውድ ይሸጣል። በእርግጥ ግን ከእኛው ጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው።

የአዳኙ ዋና መሣሪያ ብዙ ጊዜ ጠመንጃ ሳይሆን ሽቦ ነው። እንስሳት በተራራው ጫፍ ለጫፍ የሚሄዱበት የለመዱት መንገድ አላቸው። አዳኙ ይህን መንገድ ያውቃል፤ ሽቦውን ቋጥሮ ይዘረጋና ተመልሶ ይሄዳል። ሽቦ ደግሞ አይመርጥም። ለአጋዘን የተዘረጋው የነብሩን እግር ይይዛል፤ ለነብር የተዘረጋው የዝሆን ግልገል ይቆርጣል።

ስለዚህ የስካውቶቹ ሥራ በአብዛኛው ጫካ ለጫካ መሄድ ነው። በጥቂት ሰው ቡድን ሆነው ስንቃቸውን ተሸክመው ይገባሉ፤ ከወሩ ግማሽ ያህሉን ዝናብና አልቅት ባለበት ደን ውስጥ ያሳልፋሉ። ያገኙትን ወጥመድ ይነቅላሉ፤ የአዳኞችን ማረፊያ ያፈርሳሉ፤ የእንስሳቱን ዱካና የወጥመዱን ቦታ በሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ እየለዩ ይመዘግባሉ። ይህ መዝገብ ተከማችቶ አዳኙ በየትኛው ወቅት በየት በኩል እንደሚገባ ይነግራቸዋል። ቀጣዩ ጉዞም በዚያ ይታቀዳል።

መጋዝ ይዞ የተነሣው ባዮሎጂስት

ከዚህ ሥራ መሪዎች አንዱ ሩዲ ፑትራ ናቸው። የአቼ ተወላጅ የሆኑት እኚህ ሰው ባዮሎጂ ተምረው ከወጣትነታቸው ጀምሮ አውራሪሱን ለመጠበቅ ተሰማርተዋል። ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ተገለጠላቸው። አዳኙን ማባረር ብቻውን አይበቃም፤ አዳኙ የሚገባበትን መንገድ የሚከፍትለት ሌላ ሰው አለና። ይህም በተከለለ ደን ውስጥ ዛፉን ጨፍጭፎ የፓልም ዘይት ተክል የሚተክለው ባለገንዘብ ነው። ለእርሻው መንገድ ይቀደዳል፤ በዚያው መንገድ ወጥመድ ይገባል፣ ቀንድና ጥርስ ይወጣል።

በ2006 መጨረሻ በአቼ ታሚያንግ አውራጃ ከባድ ጎርፍ ወርዶ መንደሮችን ጠራረገ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። በተራራው ላይ የተመነጠረው ደን ለጎርፉ መክፋት ምክንያት እንደነበረ ሩዲ ፑትራ ለመንደር ሽማግሌዎችና ለፖሊስ አስረዱ። ሕዝቡም ነገሩ የአውራሪስ ብቻ ሳይሆን የገዛ ቤቱ ጉዳይ መሆኑን ተረዳ። ከዚያ በኋላ ከፖሊስ ጋር ሆነው፣ ሕግና ሰነድ ይዘው ወደ እርሻ ባለቤቶች ሄዱ። ከሃያ በላይ ሕገወጥ እርሻዎች ተዘጉ። የፓልም ተክሉም በሞተር መጋዝ ተቆርጦ ወደቀ፤ ደኑ መልሶ በቀለ፤ ዝሆኖችም የተዘጋባቸውን መመላለሻ አገኙ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ሰፊ የደን መሬት ለእርሻና ለማዕድን ሊከፍት ባሰበ ጊዜም ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የፈረሙበት የተቃውሞ ጽሑፍ አሰባሰቡ። በ2014 ጎልድማን የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተቀብለዋል።

የዑለማዎች ቃል

በዚያው ዓመት በጥር ወር የኢንዶኔዥያ የዑለማዎች ምክር ቤት 4ኛ ቁጥር ፈትዋ አወጣ። ዑለማዎቹ ቀደም ብለው ሱማትራ ድረስ ሄደው ከዝሆንና ከነብር ጋር ተጎራብቶ የሚኖረውን ገበሬ አነጋግረው ነበር። ፈትዋው ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን በሕገወጥ መንገድ ማደንና መነገድ ሐራም መሆኑን ደነገገ። የሰውን ሕይወት ከአደጋ ለማዳን ለሚደረግ መከላከል ግን ሸሪዓዊ በር ክፍት ነው።

የመንግሥት ሕግ ቀድሞም ነበረ። የ1990ው ሕግ ለአጥፊው እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 100 ሚሊዮን ሩፒያ መቀጫ ይደነግግ ነበር፤ በ2024 ተሻሽሎ ቅጣቱ ከብዷል። ነገር ግን በጥልቁ ጫካ ፖሊስ የለም። ፖሊስ በሌለበት የሚያየው አላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ነው። ፈትዋው የመጣውም ለዚያ ቦታ ነው።

ታዲያ አደኑ ቆመ ወይ? አልቆመም። በ2024 በጃቫ ደሴት የኡጁንግ ኩሎን ፓርክ የተያዙ አዳኞች ከ2019 እስከ 2023 ባለው ጊዜ 26 የጃቫ አውራሪሶች መግደላቸውን እንደተናገሩ ፖሊስ አስታውቋል። ይህ የሚያሳየን ፈትዋ ወረቀት ላይ ተጽፎ ብቻ እንደማይሠራ ነው። በጁምዓ ኹጥባ መነገር፣ በመድረሳ መማር አለበት። ለተራበውም ሌላ የእንጀራ በር ሊከፈትለት ይገባል። በአቼ ከቀድሞ አዳኞች አንዳንዶቹ ስካውት ሆነው ተቀጥረዋል። የደኑን መንገድ ከነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ለመጀመሪያው ጥያቄዬ መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ ለአባወራው ሐራሙን ስንነግረው ሐላሉንም ልናሳየው ይገባል።

የዳማራን ባሩ እናቶች

እህቶችም ከዚህ ሥራ ወደ ኋላ አላሉም። በአቼ ተራራማ ስፍራ ዳማራን ባሩ የምትባል መንደር አለች። በ2015 ጎርፍ ወርዶ ቤቶችን አፈረሰ። የመንደሯ እናቶች ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ላይ ሲወጡ ደኑ ተመንጥሮ አገኙት። ተሰባስበውም ፈቃድ ጠየቁ፤ በ2019 መንግሥት 251 ሄክታር ደን ለመንደሩ እንዲያስተዳድር ሰጠ። እነዚህ እናቶች ዛሬ ሒጃባቸውን እንደለበሱ ደኑን ይዞራሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፤ ዛፍ ቆራጭና አዳኝ ሲያገኙ ቁጭ ብለው ያነጋግሩታል። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲመክር ፖሊስ የማይገባበት ልብ ውስጥ ይገባል።

ለእኛስ?

ውድ አንባቢያን! ሱማትራ ሩቅ አገር ናት ብለን ልናልፋት አይገባም። በአገራችን ኩሽና ለብዙ ዓመታት የቆየው የፓልም ዘይት በአብዛኛው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚመጣ ነው። ዘይቱ በራሱ ሐላል ነው፤ ተክሉም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የተከለለ ደን መንጥሮ የሚተክለው ሰው ነው። ቢሆንም ወጣችን የምንሠራበት ዘይት የየት መሬት ፍሬ እንደሆነ ማወቁ ለቤተሰብ ውይይት የሚሆን ነገር ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በአንዓም ምዕራፍ በምድር የሚሄደውም በክንፉ የሚበረውም እንደኛው ኡመት መሆኑን አሳውቆናል። በምድር ላይ ምትክ አድርጎ ሲያኖረን የተሰጠን አማና ነው፤ አማና ደግሞ ይጠየቁበታል። ያ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ወፏን በግቢው ጥግ ቀበራት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ቦታ ላይ በቆርቆሮ ውሃ አስቀምጦ አየሁት፤ «ለምን?» ስለው «ሌሎቹ እንዲጠጡ ነው ኡስታዝ» አለኝ።

ወላሁ አዕለም።