ሰባት ዐሥረኛው ቮልት ከየት መጣ?

በካምፓላ የሚገኘው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ከዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲና ከናይጄሪያው ኦባፌሚ አዎሎዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ “አይላብ” በተባለ ሥራ ተካፋይ ነበር። መነሻው በ1998 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የተጀመረ ሙከራ ነው። ተማሪው ከመለኪያው ርቆ፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ፣ “ይህን ያህል ቮልት ስጥ” ብሎ ያዛል፤ መሣሪያው እውነተኛውን ትራንዚስተር ወይም ዳዮድ ለክቶ ቁጥሩን ይልክለታል። አንድ መሣሪያ ለብዙ ተማሪ ተዳረሰ ማለት ነው። የባሕር ውስጥ ገመድ በ2009 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ አፍሪካ እስኪደርስ ድረስ የዩጋንዳ ኢንተርኔት በአብዛኛው በሳተላይት የሚመጣ፣ ቀርፋፋና ውድ ስለነበር፣ ማኬሬሬዎች እዚያው ካምፓላ የራሳቸውን ሙከራዎች ማዘጋጀታቸው የሚያስመሰግን ነው።

አንባቢ ግን ይጠይቅ ይሆናል። ሰርኪዩትን ኮምፒዩተር አስልቶ የሚያሳይ ከሆነ፣ እውነተኛውን ዳዮድ ለመለካት ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ? መልሱን ለማግኘት አንዲት ትንሽ ሰርኪዩት በእጃችን እናስላ። ካልኩሌተርና አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

አንድ የባትሪ ድንጋይ (1.5 ቮልት)፣ አንድ የ100 ኦም ሬዚስተርና አንድ የሲሊከን ዳዮድ በተከታታይ ተያይዘዋል እንበል። ስንት ጅረት ያልፋል? ሬዚስተሩ ብቻውን ቢሆን የኦም ሕግ በቂ ነበር፤ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ጅረቱም እጥፍ ይሆናል፣ ግራፉም ቀጥ ያለ መስመር ነው። ዳዮድ ግን እንዲህ አይደለም። ሾክሌይ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ቀመር መሠረት፣ ቮልቴጁ 0.06 ያህል በጨመረ ቁጥር ጅረቱ ዐሥር እጥፍ ያድጋል። መስመራዊ ያልሆነ የምንለውም ይህን ነው። ቀመሩን ገልብጠን ስንጽፈው፦

የዳዮዱ ቮልቴጅ = 0.025 × ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም (ጅረት ÷ የሙሌት ጅረት)

የሙሌት ጅረት የዳዮዱ የራሱ ጠባይ ነው፤ ለኛው የአምፔር አንድ ትሪሊዮንኛ ይሁን። ጅረቱ ከሎጋሪዝሙ ውስጥም ከውጭም ስለሚገኝ፣ በሁለተኛ ደረጃ አልጀብራ አገላብጠን ልንፈታው አንችልም። ስለዚህ ገምተን እናርማለን።

በየደብተሩ ያለውን 0.7 ቮልት እንገምት። ለሬዚስተሩ 0.8 ቮልት ይተርፋል፤ ጅረቱም 8 ሚሊአምፔር ነው። ይህን በቀመሩ ብናስገባ የዳዮዱ ቮልቴጅ 0.570 ይወጣል። እንግዲያው ለሬዚስተሩ የሚተርፈው 0.930 ነው፤ ጅረቱ 9.30 ሚሊአምፔር። እንደገና ስናስገባ 0.574 ቮልት፤ ጅረቱ 9.26። ከዚህ በኋላ ብንደጋግመው ቁጥሩ አይነቃነቅም።

አሁን ተማሪዎች የተገላቢጦሹን ይሞክሩ። ከ0.7 ቮልት ተነሥተው ጅረቱን ከዳዮዱ ቀመር ቢያሰሉ 1.4 አምፔር ያህል ያገኛሉ። ይህ በ100 ኦም ውስጥ ካለፈ ከ140 ቮልት በላይ ሊፈጅ ነው፤ ስለዚህ ለዳዮዱ የሚተርፈው ከዜሮ በታች 143 ቮልት ይሆናል! ከአንድ የባትሪ ድንጋይ። ቀመሮቹ እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ የተለወጠው የመሄጃው አቅጣጫ ብቻ ነው። በቮልቴጅ ላይ የምትሠራ ትንሽ የግምት ስሕተት በጅረት ላይ እጅግ ትባዛለችና። በክፍል ውስጥ ይህን ስናሳይ ሳቅ ይሆናል፤ ትምህርቱ የሚገባውም ያኔ ነው።

ኮምፒዩተርም ከዚህ አደጋ አያመልጥም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በፔደርሰን መሪነት ናጌል የሠራው “ስፓይስ” የተባለው ፕሮግራም በኒውተን ዘዴ፣ ማለትም የግራፉን ዝንባሌ እየተከተለ፣ ግምቱን ያርማል። ሆኖም ዳዮድ ሲገጥመው አንድ እርምጃ ከመጠን በላይ እንዳይረዝም ልጓም ተደርጎበታል።

ወደ 0.7 እንመለስ። እኛም ለብዙ ዓመት “ለሲሊከን እንዲህ ነው” ብለን አልፈነዋል። በስሌታችን ግን 0.574 መጣ። ታዲያ ደብተሩ ተሳስቷል? የሙሌት ጅረቱን መቶ ጊዜ አሳንሰን ብናሰላ 0.686 ቮልትና 8.14 ሚሊአምፔር እናገኛለን፤ ለዚህኛው ዳዮድ 0.7 ደኅና ግምት ነው። ሁለቱም ዳዮዶች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። የትኛው እጃችን ላይ እንዳለ ኮምፒዩተሩ አያውቅም፤ የነገርነውን የሙሌት ጅረት ተቀብሎ በታማኝነት ያሰላል እንጂ። በማኬሬሬ እውነተኛውን ዕቃ መለካት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

በትምህርት ቤታችን ርካሽ መልቲሜትር ካለ ይኸው ሥራ ይቻላል። ተማሪዎች በመጀመሪያ ያስሉ፤ ቀጥሎ የዳዮዱን ቮልቴጅና ጅረቱን ይለኩ፤ ከልኬቱ የሙሌት ጅረቱን ያውጡ፤ ሬዚስተሩን በ1000 ኦም ለውጠው አዲሱን ውጤት ከመለካታቸው በፊት ይተንብዩ። የክፍሉንም ሙቀት ይመዝግቡ። የተጠቀምንበት 0.025 በ17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም የሚገኝ ቁጥር ነው፤ የዳዮዱም ቮልቴጅ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። የጠዋቱ ፈረቃና የከሰዓቱ ፈረቃ ያገኙት ውጤት ባይገጥም፣ አንዱን ቡድን አጭበርብሯል ከማለት በፊት ቴርሞሜትሩን መመልከት ነው።