ዋሽንግተን ኮከቦቿን ስትበትን

እ.ኤ.አ. በ2004 የክረምት አጋማሽ የዋሽንግተን ካፒታልስ የበረዶ ሆኪ ቡድን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኮከቦቹን በተነ። ያሮሚር ያገር ወደ ኒውዮርክ፣ ሰርጌይ ጎንቻር ወደ ቦስተን ሄዱ። ለክለቡ 472 ግብ ያገባው ፒተር ቦንድራ ለኦታዋ ተሰጠ። ሮበርት ላንግ ደግሞ ወደ ዲትሮይት በተላከበት ቀን በመላው ሊግ በነጥብ፣ ማለትም በግብና ለግብ በማቀበል ድምር፣ አንደኛ ነበር!

እኔ ያኔ ከስታዲየሙ አቅራቢያ ባለ የመኪና ማቆሚያ እሠራ ነበር። በዚህ ከተማ በዚያ ሥራ ላይ ያለው ሐበሻ ብዙ ነው። ጨዋታው ሳያልቅ ደንበኞች ቁልፋቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ቡድኑ እየተሸነፈ እንደሆነ እናውቃለን፤ በዚያ ክረምት ቀድሞ የሚወጣው ሰው በዛ። የቦንድራን 12 ቁጥር ማሊያ የለበሱ አንድ አዛውንት ቡድናቸው እንደፈረሰ ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሆኪን መከታተል የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ያን ሁሉ ጎበዝ በፈቃዱ የሚሰጥ ክለብ ምን አስቦ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ።

እግር ኳስ ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ግርጌ ላይ የጨረሰ ክለብ ይወርዳል። በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ በኤንኤችኤል ግን ወራጅ የለም፤ እንዲያውም ደካማው ይደገፋል። በየዓመቱ ድራፍት በሚባለው ሥርዓት ክለቦች ከ18 ዓመት ጀምሮ ያሉ ወጣቶችን በሰባት ዙር ይመርጣሉ፤ ደካማዎቹ ቀድመው። ሆን ብሎ መሸነፍ እንዳይለመድ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች በዕጣ ይወሰናሉ። ተጫዋች ከሌላ ክለብ በልውውጥም ይመጣል፤ ተጫዋች በተጫዋች፣ ወይም ተጫዋች በምርጫ ተራ ይለወጣል። ተራውን ገና ካልደረሰ ዓመት ላይ ቆርሶ መስጠትም ይቻላል።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ጆርጅ ማክፊ ኮከቦቹን ሲሰጥ በዋናነት የሰበሰበው ወጣቶችንና ተራዎችን ነው። ቀጥሎ ዕጣው ወጣለትና በ2004 ድራፍት በአንደኛው ተራ አሌክሳንደር ኦቬችኪንን መረጠ። በ2025 የዌይን ግሬትስኪን የ894 ግብ ክብረ ወሰን የሰበረው እሱ ነው። «ዋሽንግተንን ያነሣው ዕድል ነው» የሚሉ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን በዚያው ድራፍት 29ኛውን ተራ እዩ እላለሁ። በላንግ ልውውጥ ከዲትሮይት የመጣ ተራ ነበር፤ ማይክ ግሪን ተመረጠበት። ግሪን በ2008-09 ተከላካይ ሆኖ ሳለ 31 ግብ አገባ። ከቦንድራ ልውውጥ የመጣው ብሩክስ ሌይክም እስከ 2016 ድረስ አገልግሏል። ዕጣ አንድ ልጅ ይሰጣል፤ አብረውት የሚጫወቱትን የሚያመጣው ግን የመልማዮች ዓይንና የሥራ አስኪያጁ ድርድር ነው።

ሆኖም ተራንና ወጣትን መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም፤ መቼ እንደሚሰጡ ማወቅም ያስፈልጋል። በ2013 ዋሽንግተን ለዋንጫ ቸኩላ፣ በቀደመው ዓመት በ11ኛ ተራ የመረጠችውን ፊሊፕ ፎርስበርግን ለናሽቪል ሰጥታ ማርቲን ኤራትን አመጣች። ለዘር የተቀመጠ እህል መብላት ይህ ነው። ኤራት ዓመት ሳይሞላው ወደ ሌላ ክለብ ሄደ፤ ፎርስበርግ የናሽቪል የምንጊዜም ግብ አግቢ ሆነ። በ2016 ግን ማክፊን የተካው ብራያን ማክሌላን ሁለት የሁለተኛ ዙር ተራዎችን ለሞንትሪያል ሰጥቶ ላርስ ኤለርን ወሰደ። ያን ጊዜ ቡድኑ በስሎ ነበር፤ የጎደለው በመሐል ሜዳ የሚተማመኑበት ሰው ነበር። ጁን 7 ቀን 2018 ላስ ቬጋስ ላይ፣ ዋሽንግተን 4 ለ 3 አሸንፋ የሊጉን ሻምፒዮና ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነሣ የማሸነፊያዋን ግብ ያገባው ኤለር ነው። የተሸነፈውን የቬጋስ ቡድን ያዋቀረው ደግሞ ማክፊ ራሱ ነበር።

በ2004ቱ ብተና ሰሞን ከመጡት ሁሉ ዋንጫውን በዋሽንግተን ማሊያ ያነሣው ኦቬችኪን ብቻ ነው። ግሪንም ሌይክም ቀድመው ሄደው ነበር። አብረውት ዋንጫውን ካነሡት ኒክላስ ባክስትረም በ2006፣ ጆን ካርልሰንና ግብ ጠባቂው ብራይደን ሆልትቢ በ2008፣ ዬቭጌኒ ኩዝኔትሶቭ በ2010 በድራፍት የተመረጡ ናቸው፤ ሆልትቢ እንዲያውም በአራተኛ ዙር። ከብተናው እስከ ዋንጫው 14 ዓመት አለፈ፤ «ሁለት ዓመት ታገሡኝ» የሚል ሥራ አስኪያጅ ለደጋፊው እውነቱን እየነገረው አይደለም።

የምትደግፉት ቡድን ኮከቡን አሳልፎ የሰጠ ቀን ማዘን ያለ ነው። ግን ከመፍረዳችሁ በፊት በለውጡ የመጣው የስንተኛ ዙር፣ የየትኛው ዓመት ተራ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያም በዚያ ተራ የሚመርጠው ሰው ቀደም ሲል በዝቅተኛ ተራዎች እነማንን እንዳገኘ ተመልከቱ።