«ተስክ»ን ዳግም መመዘን፦ የአንድ አወዛጋቢ አልበም «ክሽፈት» ምን ማለት ነው?

አንድ የሙዚቃ አልበም «ከሸፈ» ሲባል፣ ክሽፈቱ የሥራው የራሱ ባሕርይ ነው ወይስ ሥራው ከተነጻጸረበት ነገር የመጣ? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው ፍሊትዉድ ማክ የተባለው የሮክ ባንድ በ1979 ባሳተመው «ተስክ» በተሰኘው ባለ ሁለት ሸክላ አልበም አማካይነት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አልበሙ ሲወጣ ከፊሉ አድማጭ እንደ ድፍረት፣ ከፊሉ ደግሞ እንደ ብክነት ቆጥሮታል። የጽሑፉ መከራከሪያ አሉታዊው ብይን በሦስት ሚዛኖች፣ ማለትም በሽያጭ፣ በአንድነትና በድምፅ ጥራት ላይ የቆመ መሆኑን፣ ሦስቱም ሚዛኖች ደግሞ ከቀዳሚው አልበም የተወረሱ መሆናቸውን ማሳየት ነው።

ሽያጭ

ቀዳሚው አልበም፣ የ1977ቱ «ሩመርስ»፣ በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ ለ31 ሳምንታት የአንደኝነትን ስፍራ ይዟል፤ በ1978ም የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። «ተስክ» በአንጻሩ በመጀመሪያው ዙር አራት ሚሊዮን ቅጂ ያህል ተሸጠ። በእንግሊዝ አንደኛ፣ በአሜሪካ አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። ከማንኛውም ሌላ ባንድ ሥራ ጋር ቢነጻጸር ይህ ውጤት ስኬት በተባለ ነበር። በተጨማሪም ቁጥሩ ከዜማ ውጭ የሆኑ ምክንያቶችን አቅፏል። አልበሙ ባለ ሁለት ሸክላ በመሆኑ የተተመነለት ዋጋ 15.98 ዶላር ነበር፤ ይህም በጊዜው ከፍተኛ ነው። ከመውጣቱ አስቀድሞ በአንድ የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች መረብ ሙሉውን በመተላለፉም፣ አድማጮች በካሴት ቀድተው እንዳስቀሩት የባንዱ ከበሮ መቺ ሚክ ፍሊትዉድ በኋላ ተናግሯል። የአሜሪካ የሸክላ ገበያ ራሱም በዚያው ዓመት ተቀዛቅዞ ነበር። እነዚህ ሁኔታዎች የሙዚቃውን ድርሻ ባያስቀሩም፣ ሽያጭን ብቻውን የጥበብ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ እንደማይቻል ያመለክታሉ።

አንድነት

ሁለተኛው ወቀሳ አልበሙ የተበታተነ ነው የሚል ነው። በእርግጥም ከሃያዎቹ ዘፈኖች ዘጠኙ የሊንዚ በኪንግሃም፣ ስድስቱ የክሪስቲን ማክቪ፣ አምስቱ የስቲቪ ኒክስ ድርሰቶች ሲሆኑ፣ በኪንግሃም ከራሱ ዘፈኖች አንዳንዶቹን በቤቱ ብዙዎቹን መሣሪያዎች ራሱ እየተጫወተ ቀርጿል። ሆኖም የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የመረመረ ሌላ ነገር ያገኛል። አልበሙ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በማክቪ ዘፈን ነው። የመክፈቻው ዘፈን ዝግ ያለና ለስላሳ ሲሆን፣ ወዲያው የሚከተለው የበኪንግሃም «ዘ ሌጅ» ደግሞ በሁለት ደቂቃ ገደማ የሚያልቅ፣ ጥድፊያና ሻካራነት የሚሰማበት ነው። የበኪንግሃም ዘፈኖች በአንድ ገጽ ላይ አልታጨቁም፤ በአራቱም የሸክላ ገጾች ተሰራጭተዋል፤ ከሁለት በላይም ተከታትለው አይመጡም። እንዲህ ያለው አደራደር ንጽጽሩ በዘፈቀደ የመጣ ሳይሆን የአልበሙ መዋቅር መሆኑን ያሳያል።

ይህን መዋቅር የኋላው ዘመን አድማጭ በሙሉ አላገኘውም። በ1987 አልበሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሲዲ ሲታተም ቦታ ለማብቃቃት ሲባል የኒክስ «ሳራ» ከስድስት ደቂቃ በላይ ከነበረው ርዝመቱ ወደ አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ተቆርጧል። «ሳራ» የመጀመሪያው ገጽ መዝጊያ ነው። ስለዚህ በዚያ ቅጂ ላይ ተመሥርቶ ስለ አልበሙ ሚዛን የተሰጠ አስተያየት የተመሠረተው በሌላ ሥራ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የድምፅ ጥራት

በኪንግሃም በወቅቱ በተነሡት የፓንክና የኒው ዌቭ ሙዚቃዎች ተማርኮ፣ የ«ሩመርስ»ን ጥርት ያለ ቅንብር ሆን ብሎ ትቶታል። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈንም በተደጋጋሚ የከበሮ ምት ላይ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የማርሽ ባንድ በሎስ አንጀለሱ ዶጀር ስታዲየም የተጫወተውን ያክላል። ይሁንና እዚህ ላይ ለአልበሙ ጥብቅና የሚቆሙትም ሊጠነቀቁ ይገባል። ይህ ሻካራ ድምፅ የችግር ውጤት አይደለም፤ አልበሙ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደወጣበት ይነገራል። አመፁ የተቻለው በ«ሩመርስ» ትርፍ ነው። ጥቂት ዘፈኖችም ከንድፍ ያላለፉ መስለው መታየታቸው አይካድም።

ከዳግም ምዘናው የሚገኝ ትምህርት

ባንዱ በ1982 «ሚራዥ» በተባለው አልበም ወደ ለስላሳው ድምፅ ተመልሶ በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። «ተስክ» በአንጻሩ ቀስ በቀስ ክብር አገኘ፤ ካምፐር ቫን ቤትሆቨን የተባለው ባንድ በ2002 ሙሉውን አልበም ዳግም ተጫውቶ አሳትሞታል። ነገር ግን «ከሸፈ» የሚለውን «ያልተረዱት ድንቅ ሥራ» በሚል መተካት ብይኑን ይገለብጣል እንጂ ሚዛኑን አይለውጥም። ከዚህ የከፋው፣ አልበሙን የአንድ ደፋር ሰው ሥራ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ከሃያው ዘፈን አሥራ አንዱ የሁለት ሴት ደራስያን ሥራ ነው። የበኪንግሃም ሻካራነት የሚጎላው በእነርሱ ዜማዎች አጠገብ ስለተቀመጠ ነው፤ በአሜሪካ እስከ ሰባተኛ ደረጃ የደረሰውም የኒክስ «ሳራ» ነው።

አወዛጋቢ አልበሞችን የሚያጠና ተመራማሪ እንግዲህ ብይን ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማስፈር ይኖርበታል፦ የትኛውን ቅጂ እንደሰማ፣ ሥራውን ከምን ጋር እንዳነጻጸረ፣ የማንን ድርሻ ቆጥሮ የማንን እንደዘለለ። በ«ተስክ» ላይ እነዚህ ሦስቱ ሲለዩ፣ ክሽፈት የተባለው አብዛኛው ነገር ሁለተኛ «ሩመርስ» አለመሆን ሆኖ ይገኛል።