መሃል ኮቦ ሲታደስ ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

ከወልዲያ ወደ አላማጣ የሚጓዝ ሰው ኮቦን በአብዛኛው የሚያውቃት ከመኪና መስኮት ነው። አስፋልቱ ጣሊያን በወረራው ዘመን አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ ለማገናኘት የዘረጋውን መስመር ይከተላል። በዚህ መስመር ላይ እንዳሉት ብዙ የሰሜን ከተሞች ሁሉ ኮቦም መንገዱን ተከትላ ረዘመች። ግራና ቀኙን ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ይዘውታል። ከኋላቸው የጭቃ ቤቶች፣ የቀበሌ ሱቆችና ገበያው አሉ። ስለዚህ የኮቦ መሃል እንደ አደባባይ የሚከበብ አይደለም፤ እንደ ገመድ የተዘረጋ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይምሰልዎት። ክብ መሃል ያላት ከተማ አንድ ሰፈር ብታድስ ብዙ ሰው ይጠቀማል። ገመድ መሰሏ ከተማ መንገድ ዳሩን ስታሳምር ግን ቀድሞ የሚጠቀመው አስፋልቱ ላይ ግንባር ያለው ሰው ነው፤ ከኋላ ያለው የሚያየው ጀርባውን ነው።

“መሃል ከተማው ይታደስ” ሲባል እጁን አውጥቶ የሚቃወም ሰው አይገኝም። ክርክሩ የሚነሳው “በምን ገንዘብ?” ሲባል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ጥያቄው የሚመጣው እቅዱ ካለቀ፣ ምስሉም በትልቅ ሸራ ታትሞ ከተሰቀለ በኋላ ስለሆነ አዳራሹ የሚወያየው ስለ ሕንፃው ቁመትና ቀለም ይሆናል። ይህ ምዕራፍ ከቀለሙ በፊት ያለውን ሂሳብ ለመግለጥ የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ መሬቱ የማን እንደሆነ እንያዝ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የዛሬው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በተግባር ግን “ቤት ተሸጠ” በተባለ ቁጥር ዋጋ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ሳይሆን የቆመበት ቦታ እንደሆነ የማያውቅ ደላላ የለም። ያረጀ የጭቃ ቤት አስፋልት ዳር ከሆነ፣ ውስጥ ለውስጥ ካለ አዲስ የብሎኬት ቤት በላይ ሊያወጣ ይችላል። ትርፍ ተብለው የተወረሱት ቤቶች ደግሞ የቀበሌ ቤት ሆነው እስከ ዛሬ በብዙ ከተማ መሃል ቀርተዋል። ኪራያቸው ከገበያው ጋር የማይወዳደር ዝቅተኛ ነው። አንዳንዱ ተከራይ ራሱ ይነግድበታል፤ አንዳንዱ በእጅ አዙር ለሌላ አከራይቶ ልዩነቱን ይበላል። መንግሥት የቤቱ ባለቤት ነው፤ የቦታው ጥቅም ግን በዝምታ ወደ ሌላ ኪስ ይገባል።

አሁን አንድ የሐሳብ ሂሳብ እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ ናቸው። አንድ ግንባር ያለው ሱቅ ፊት ለፊቱ በክረምት ጭቃና ጎርፍ፣ በበጋ አቧራ ስለሆነ 1 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። ማዘጋጃ ቤቱ ዲች ቆፈረ፣ ኮብልስቶን አነጠፈ፣ የመንገድ መብራት ተከለ። ባለ ሱቁ አንድ ሚስማር ሳይመታ ቦታው 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ገባ። ይህ 600 ሺህ ብር የማን ነው? የፈጠረው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የወሰደው ግን ባለ ሱቁ ነው። ሱቁ የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠማዘዛል። ነጋዴው በሚቀጥለው ዓመት “ቦታው ተፈልጓል” ሊባል ይችላል። ያኔ የጨመረው ዋጋ ቦታውን በሊዝ ጨረታ ለሚያሸንፈው ይሄዳል፤ ጭቃውን ችሎ ደንበኛ ያፈራው ሰው ወደ ዳር ይወጣል።

እኔ እንደሚመስለኝ የመሃል ከተማ ክርክር ሁሉ ሥሩ ይሄው ነው። ሰው “ልማቱን ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ?” ተብሎ ሲጠየቅ፣ ለልቡ የቀረበው ጥያቄ ግን በልማቱ የሚመጣው ጭማሪ ማን ዘንድ ያርፋል የሚለው ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የከተማ አስተዳደር ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። ትምህርት፣ ጤናና የመሳሰሉት በክልል ድጎማ ይደገፋሉ። ዲች፣ የውስጥ መንገድ፣ ቄራ፣ ቆሻሻ ማንሳትና የመሳሰሉት የማዘጋጃ ቤት ሥራዎች ግን በዋናነት ከከተማዋ የራሷ ገቢ መሸፈን አለባቸው። ያ ገቢ የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከሁሉም በላይ ሊዝ ነው። ሕዝቡ የጣሪያና ግድግዳ ግብር የሚለው የቤት ግብር መነሻው የ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 ነው። ግምቱ የገበያውን ዋጋ ተከትሎ ስለማይታደስ ከላይ ያልነው 600 ሺህ ብር ሲፈጠር አያየውም። በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ዓይን ለመክፈት የታሰበ ነው። ብዙ ሰው የሚሰማው “አዲስ ግብር መጣ” የሚለውን ብቻ ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ጡረታ የወጣች እናት ቤቷ ስለተወደደ ብቻ ጥሬ ገንዘብ አታገኝም። ሆኖም ግምቱ ሐቀኛ ከሆነ፣ አቅም የሌላቸውም ከተለዩ፣ አስፋልት ዳር ያለው ከጭቃ ውስጥ ካለው የበለጠ የሚከፍልበት ሌላ ቀጥተኛ መንገድ አላውቅም።

ሊዝ ከዚህ የበለጠ ያጓጓል። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት በጨረታ ያሸነፈ ሰው ቢያንስ 10 በመቶውን ቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪውን በዓመታት ይጨርሳል። ለአስተዳደሩ ፈጣን ገንዘብ ነው፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። መሬት አንዴ ከተላለፈ በኋላ ተመልሶ ለጨረታ የሚቀርበው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ በክልል ከተሞች የንግድ ቦታ ዘመኑ 70 ዓመት ነው። የሚመጣውን ትውልድ መሬት ሸጦ የዘንድሮን ደመወዝና ነዳጅ የሚሸፍን ከተማ ሀብት እየጨመረ ሳይሆን እየበላ ነው።

ከውጭ የሚመጣም አለ። የዓለም ባንክ ይደግፈው የነበረው የከተሞች ፕሮግራም በ2006 ዓ.ም. 44 ከተሞችን ይዞ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. የጀመረው ተከታዩ 117 ደረሰ። የዚህ ገንዘብ ጥሩ ጎኑ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጡ ነበር። ከተማዋ በካፒታል ኢንቨስትመንት እቅዷ ላይ ከነዋሪ ጋር ካልተመካከረች፣ ሂሳቧን ካላስመረመረች፣ የራሷን ድርሻ ካላዋጣች በዓመታዊ ምዘናው ትቀጣ ነበር። ሌላው የውጭ ምንጭ ተወላጁ ነው። ጎረቤት ወልዲያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን ትልቅ ስታዲየም ያገኘችው ከሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ነው። ስጦታን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ሰጪ የሚመርጠው የሚታየውን ነው፤ ለመሬት ውስጥ ቱቦ ስሙን የሚሰጥ ባለሀብት እስካሁን አልሰማሁም።

አሜሪካኖች ለዚሁ የገንዘብ ጥያቄ አንድ ብልሃት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 ካሊፎርኒያ የጀመረችው ዘዴ ነው። ከተማው አንድ ሰፈር ይከልላል፤ የዚያን ሰፈር የዛሬ የንብረት ታክስ እንደ መነሻ ይይዛል፤ ወደፊት ከዚያ በላይ የሚጨምረውን ታክስ መያዣ አድርጎ ይበደርና መንገዱንና ቱቦውን ዛሬ ይሠራል። ሐሳቡ ያምራል፤ ጭማሪው ራሱ እዳውን ይከፍላል። ጭማሪው ካልመጣ ግን እዳው ይቀራል። ከመጣም ለትምህርት ቤት መሄድ የነበረበት ገንዘብ በዚያ ሰፈር ታጥሮ ይቆያል። ካሊፎርኒያ እራሷ ይህን ዘዴ የሚጠቀሙ የማልሚያ ድርጅቶቿን እ.ኤ.አ. በ2012 አፍርሳለች።

ከዚህ የሚብሰው የኒው ለንደን ታሪክ ነው። በኮነቲከት ግዛት ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በከተማዋ የምርምር ማዕከል ሲገነባ፣ አጠገቡ ያለውን ሰፈር አፍርሳ ሆቴልና ቢሮ ልትተክል አቀደች። ነዋሪዎች “ቤታችንን ለግል አልሚ ልትሰጡ ነው” ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2005 እ.ኤ.አ. በ5 ለ4 ድምፅ ከተማዋ አሸነፈች። ቤቶቹ ፈረሱ፤ ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሕዝብ ገንዘብ ፈሰሰ። ከአራት ዓመት በኋላ ፋይዘር እወጣለሁ አለ፤ የፈረሰው ሰፈር ለዓመታት ሣር በቀለበት። ከተማዋ በሕግ ረታች፤ በሂሳብ ተረታች።

እኛ ዘንድስ? አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲወሰድ ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት በግልም ሆነ በቡድን ራሱ የማልማት ቅድሚያ እንዳለው ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። በቡድን ተደራጅቶ ሁለት ፎቅ ማቆም አንድ በአንድ ከመነቀል ይሻላል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን ባለቤት ስላልሆነ ለግድግዳው ካሳ አይደርሰውም፤ ለዓመታት ያፈራውን ደንበኛ የሚመዝን ገማችም አይገኝም። በ2016 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ የካሳ ሸክሙን ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዞረ። ለትንሽ ከተማ ይህ ማለት ማፍረስ ራሱ ከመሥራት ያልተናነሰ ወጪ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ፒያሳ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት፣ የካዝናው ልዩነት አብሮ አልተነገረም።

ኮቦ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ሁለት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋውጣለች፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል ያለው ግጭት አካባቢውን አልማረውም። ባልተረጋጋ ቦታ ላይ የወደፊትን ዋጋ ጭማሪ መያዣ አድርጎ መበደር፣ ኒው ለንደን በሰላም አገር ያልቻለችውን መሞከር ነው። ስለዚህ እዚህ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ዛሬ በእጅ ባለ ገንዘብ፣ በትንሹ፣ ከታች ጀምሮ። ከታች ስል ቃል በቃል ነው፤ ዲቹ ይቅደም። የራያ ቆላ ጎርፍ ከምዕራብ ካለው ተራራ ደለልና ድንጋይ እየነዳ ነው የሚወርደው። መውረጃ ሳይበጅለት የተነጠፈ ኮብልስቶን ለጥቂት ክረምት የሚቆይ ጌጥ ነው።

ገንዘቡን ማን ያዋጣ ለሚለው የራያ ገበሬ ከማንም የፋይናንስ መጽሐፍ በፊት መልስ ነበረው። በሆርማትና በጎሊና ወንዞች ዳር ደራሽ ጎርፍ ወደ ማሽላ ማሳ የሚመራው በጋራ በሚጠረግ ቦይ ነው። ውሃ የሚደርሰው ሰው ለጠረጋው ጉልበት ያወጣል፤ ከላይ ያለው ውሃውን ጨርሶ ቢያስቀር ከታች ያለው ይጠይቀዋል፤ አለመግባባቱን ሽማግሌ ይዳኛል። በከተማ ቋንቋ ይህ ጥቅም ያገኘ ይክፈል ማለት ነው። በየሰፈሩ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ነዋሪው ድርሻውን የሚያዋጣውም በዚሁ መንፈስ ነው። ቅሬ (እድር) ያለው ሰፈር ደግሞ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ፣ ማንስ በእውነት አቅም የለውም የሚለውን ከማንኛውም ግብር ሰብሳቢ ቀድሞ ያውቃል። ነገር ግን መዋጮ በነፍስ ወከፍ እኩል ከሆነ ፍትሐዊ አይደለም። ባለ ሆቴሉና ከጓሮ ቤት የምትኖር ጠጅ ጣይ አንድ ዓይነት ብር ሊያወጡ አይገባም፤ ስሌቱ በግንባር ሜትር ይሁን።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ሰዎች በሚነካቸው ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ይሰጣል። አዳራሹ ውስጥ የሚጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ካርታ ያለው ነው። የጉልት ሴቶች፣ ከቀበሌ ቤት ተከራይ በእጅ አዙር የተከራየው ልብስ ሰፊ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሸለቆው መስኖ ጭኖ የሚያራግፈው ገበሬ፣ ፍየል ነድቶ ከምሥራቅ የሚመጣው አፋር ስም ዝርዝር ላይ የሉም። መሃል ከተማውን መሃል ያደረጉት ግን እነሱ ናቸው። ገበያው ለጥቂት ወራት “ለጊዜው” ሲዛወር ቀድሞ የሚጎድለው የእነሱ እንጀራ ነው። ስለዚህ ጊዜያዊ መሸጫ የት እንደሚሆን፣ ጥላና ውሃ እንዳለው፣ መቼ እንደሚመለሱ ከግንባታው ውል ጋር አብሮ ተጽፎ ይታይ።

በመጨረሻም ማንም የማይከራከርበት ወጪ አለ፤ ጥገና። ድንጋዩ ከተነጠፈ በኋላ ለውሃ ቱቦ ወይም ለስልክ መስመር ሲቆፈር ማን መልሶ ይነጥፈዋል? ዲቹ ከክረምቱ በፊት በግንቦት በማን በጀት ይጠረጋል? እቅዱ ሲቀርብ የግንባታውን ዋጋ የሚናገር ባለሙያ የሚከተሉትን አሥር ዓመታት የጥገና ዋጋም በዚያው ሰነድ ላይ ጽፎ ይምጣ፤ ካልጻፈ ነዋሪው ስብሰባው ለሌላ ቀን እንዲዛወር መጠየቅ ይችላል።