የታይሮይድ ክኒንና ነፍሰ ጡር፦ ተረትና እውነታ

«ካረገዝሽ መድኃኒቱን አቁሚው፤ ጽንሱን ይጎዳዋል።» የታይሮይድ ሆርሞን ላነሳት ነፍሰ ጡር ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም። ጽንስ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ የራሱን ሆርሞን አያመርትም፤ ለአእምሮው እድገት የሚያስፈልገውን ከእናቱ ደም ነው የሚያገኘው። ሌቮታይሮክሲን የሚባለው ክኒንም የእናቲቱ የታይሮይድ ዕጢ በበቂ ማምረት ያቃተው ያው ሆርሞን ነው። የሚጎዳው መቆሙ ነው፦ ውርጃ፣ ያለጊዜው መውለድ፣ የደም ግፊት ሊያስከትል ይችላል። እንዲያውም በእርግዝና ወቅት የሚያስፈልገው መጠን ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ቀድሞም ክኒኑን የምትወስድ ሴት የወር አበባዋ እንደቀረ ለሐኪሟ ትንገር፤ የክትትል ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቅ።

«እንቅርት የለብኝም፤ ታይሮይድ አያሰጋኝም» የምትልም አለች። ችግሩ አንገት ሳያብጥም ይመጣል። ድካምና የሆድ ድርቀት የእርግዝናም ጠባይ በመሆናቸው ያዘናጋሉ። በሶማሌ ክልል በኤረር ቆላ ሰው ሁሉ ሲያልበው እሷን ብርድ ብርድ የሚላት ከሆነ ግን ትመርመር። ምርመራው ቲኤስኤች የሚባል የደም ምርመራ ነው፤ ጤና ኬላ ላይ አይሠራም። ሕክምና ለጀመረች እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። ከኤረር ድሬዳዋ ወይም ጅጅጋ መመላለስ ቀላል አይደለም፤ ባልና ቤተሰብ የጉዞውን ወጪ ከወሊዱ ወጪ እኩል አስቀድመው ያስቡበት።

«አዮዲን ያለው ጨው ይበቃል።» ኢትዮጵያ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. ደንብ ማውጣቷ ብዙዎችን ከእንቅርት ለመጠበቅ ነው፤ ነፍሰ ጡርም ይህንኑ ጨው ትጠቀም። ዕጢው ራሱ ከተጎዳ ግን ጨው ክኒኑን አይተካም። አዮዲን ሲበዛም ዕጢውን ያውካል። በጎረቤት ሶማሊያ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የብዙ ሴቶችና ሕፃናት የአዮዲን መጠን ከልክ በላይ መሆኑንና ይህም ከሚጠጡት ውሃ ምንጭ ጋር መያያዙን አሳይቷል። በራስ ፈቃድ ተጨማሪ አዮዲን መዋጥ አይገባም። ጥቁር አዝሙድና የኤረር ፍል ውሃም ሆርሞን አይተኩም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጣም በሞቀ ውሃ ውስጥ መቆየት ለጽንሱ አይመከርም።

አብዝቼ የምፈራው ግን «ክኒን ሁሉ አንድ ላይ ይዋጣል» የሚለውን ነው። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የአይረን ክኒን የታይሮይዱን ክኒን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ካልሲየምም እንዲሁ። ሴትየዋ በየቀኑ በትጋት ትውጣለች፤ ደሟ ውስጥ የሚገባው ግን ጥቂት ነው። በእነዚህና በታይሮይዱ ክኒን መካከል 4 ሰዓት ይኑር። የታይሮይዱ በባዶ ሆድ፣ በንጹህ ውሃ ብቻ ይዋጥ፤ ወተት ያለው ሻይ፣ ቡና ወይም የግመል ወተት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። በረመዳን የምትጾም ካለች መጠኑን ሳትቀንስ፣ ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ቆይታ ስትተኛ ልትወስደው ትችላለች፤ ስለ ጾሙ ራሱ ግን አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

ሙቀትም ክኒኑን ያዳክመዋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት ላይ ወይም መኪና ውስጥ አይቀመጥ፤ ከነማሸጊያው በቤቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ጥግ ይሁን።

ከወለደች በኋላ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ደሟ በ6ኛው ሳምንት ገደማ እንደገና ይታያል። ክኒኑን እየወሰደች ማጥባት ትችላለች።