ቁጥቋጦን ከደን ለማጽዳት የሚገዛ መሣሪያ አመራረጥ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ በአዲስ ዘመን ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የጣራ ገዳም ደን፣ በደቡብ ጎንደር ደጋ ለሀገር በቀል ዛፎች ከቀሩት ጥቂት መጠጊያዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ወይራው የቆመው በተዳፋት ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለው ደን ወራሪ ቁጥቋጦ ቢገባ በምን መሣሪያ ይነቀል የሚለው ጥያቄ የደን ጠባቂውን ብቻ ሳይሆን የብረታ ብረት ነጋዴውንና ቀጥቃጩንም የሚመለከት ነው።

ለዚህ ዋና ምሳሌ የሚሆነው የወፍ ቆሎ፣ በሳይንስ ስሙ ላንታና ካማራ፣ ነው። ይህ ተክል ከአሜሪካ አህጉር ለአበባውና ለአጥር ሲባል ወደ ብዙ አገሮች የተወሰደ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በተለይ በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ በሰፊው ተዛምቷል። ፍሬውን ወፎች ይበትኑታል፤ ቅጠሉም የበላውን ከብት ጉበት ይጎዳል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከመሬት በላይ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ማቆጥቆጡ ነው። እንግዲህ ገዥው አስቀድሞ የሚጠይቀው «በቀን ስንት ይቆርጣል?» ብሎ ሳይሆን «ከሥሩ ይደርሳልን?» ብሎ ሊሆን ይገባል።

1ኛ/ ገጀራና ማጭድ፤ ዋጋቸው ዝቅተኛ ሲሆን መንገድ ለመክፈትና ቅርንጫፍ ለማቅለል ይጠቅማሉ። ብቻቸውን ግን ሥራውን አይጨርሱም።

2ኛ/ በቤንዚን የሚሠራ ማጨጃ፤ ፈጣን ነው። ሆኖም ጉቶውን ይተወዋል፤ በቁጥቋጦው ውስጥ የተደበቀውንም የወይራ ችግኝ አብሮ ያጭደዋል። የነዳጅና የመለዋወጫ ወጪውም ሊታሰብ ይገባል።

3ኛ/ ቡልዶዘር፤ በሜዳ ላይ ሊያገለግል ይችላል። በተዳፋት ላይ ግን አፈሩን ፈንቅሎ ለጎርፍ ያጋልጣል፤ የተገለበጠውም አፈር ለወፍ ቆሎ ዘር ምቹ ይሆናል።

4ኛ/ ዶማ፤ ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው። በሕንድ አገር፣ በኮርቤት የነብር ጥብቅ ክልል፣ ዋናውን ሥር ከመሬት በታች ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ላይ በመቁረጥና ተክሉን ገልብጦ በማድረቅ ዳግመኛ እንዳያቆጠቁጥ ማድረግ ተችሏል።

ዶማ የሚገዛ ሰው ስለቱ ጠባብና ጠንካራ፣ የእጀታው ቀዳዳ የማይላላ መሆኑን ይመርምር። ከመኪና ባሊስትራ በአገር ቀጥቃጭ የተሠራው ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። የወፍ ቆሎ ግንድ እሾሃማ ስለሆነ የቆዳ ጓንትም ያስፈልጋል። ሥራው ክረምት እንደ ወጣ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ቢጀመር ድካሙ ይቀልላል።

የማሽን ብዛት ብቻውን ድል እንደማያመጣ የሊቦ ከምከም ሕዝብ ከጎረቤቱ ከጣና ሐይቅ ተምሯል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየውን እምቦጭ ለማስወገድ የማጨጃ ማሽኖች ቢመጡም፣ በ2013 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ እጅግ ብዙ ሰው በእጁ መሥራት ግድ ሆኖበታል።

ከዚህም በላይ አንድ ጊዜ ነቅሎ መተው ገንዘብን መጣል ነው። በአፈር ውስጥ የቀረው ዘር ስለሚበቅል፣ በጀት የሚይዝ ሁሉ ለሚቀጥሉት ዓመታት የአረም ሠራተኛ ደመወዝና የተነቀለውን ቦታ የሚሸፍን የሀገር በቀል ችግኝ ዋጋ አብሮ ይያዝ። ነጋዴውም ለደንበኛው ውዱን ሳይሆን ለቦታው የሚስማማውን መሣሪያ ቢያቀርብ፣ ደኑም ይድናል፣ ደንበኛውም ተመልሶ ይመጣል።